ስልኩ በማን ስም ነው?

ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ከኪሳችሁ ወይም ከቦርሳችሁ የማይርቅ ነው። ደመወዝ መግባቱን የሚነግራችሁ እርሱ ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ በእርሱ ይከፈላል። የእቁብ ሰብሳቢዋም ብትሆን ዛሬ ዛሬ ቤት ለቤት መዞሯን ትታ «በስልክ ላኩልኝ» ማለት ጀምራለች። ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የያዛችሁት የስልክ ቁጥር የተመዘገበው በማን ስም ነው? ስልኩ በማን እጅ ነው አላልሁም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ስም የማን ነው?

ይህንኑ ጥያቄ በምሠራበት መሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት ለባልደረቦቼ አቅርቤላቸው ነበር። አንዷ «የባለቤቴ ነው፤ ሲገዛ ሁለት ሲም ካርድ ወስዶ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ» አለችኝ። ሌላዋ የወንድሟ መሆኑን ታውቃለች፤ ወንድሟ ግን ከአገር ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንዲት እናት ደግሞ ሹካዋን አስቀምጣ ትንሽ ካሰበች በኋላ «እኔስ አላውቅም» አለች። ይህች እናት የመሥሪያ ቤታችንን የገንዘብ መዝገብ ከ15 ዓመት በላይ የያዘች፣ አምስት ሳንቲም ጎድሎባት የማታውቅ ሴት ናት።

መቼም ነገሩ እንደ ትንሽ ነገር ይታይ ይሆናል። ስልክ ለመነጋገሪያ ብቻ በነበረበት ዘመን በእርግጥም ትንሽ ነበር። ዛሬ ግን ስልክ የገንዘብ ሣጥን ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ብዙዎቻችን «ይህ ደግሞ ለወጣቶች ነው» ብለን አልፈነው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ኩባንያው አስታውቋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት እንዲቀር ተደርጎ ክፍያው ወደ ስልክ ዞረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይም ሳፋሪኮም ኤምፔሳን ይዞ ገባ። ለእኛ ለሴቶች ደስ የሚያሰኘው፣ ኢትዮ ቴሌኮምን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ይዘው ለዚህ ያደረሱት ወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ መሆናቸው ነው። ላዩ እንዲህ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ታቹ ነው፤ ቁጥሩ በአባወራው ስም ስለተመዘገበላት ገበያተኛ ሴት።

ለምን ቢባል፣ በስልክ የሚደረግ ሥራ ሁሉ ይመዘገባል። ገንዘብ ስትልኩ፣ ስትቀበሉ፣ የአየር ሰዓት ስትሞሉ መዝገቡ ያስታውሳል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ይህ መዝገብ ብድር ያስገኛል። በዚያ ዓመት ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ አነስተኛ የብድር አገልግሎቶችን፣ «ሳንዱቅ» የተባለውንም የቁጠባ አገልግሎት ጀምሯል። ብድሩ የቤት ካርታ ወይም ዋስ አይጠይቅም። የሚታየው ባለ ቁጥሩ ገንዘቡን እንዴት እንዳንቀሳቀሰ ነው። እንግዲህ አስቡት። አንዲት እናት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ሂሳቡ በባሏ ስም በተመዘገበው ስልክ ይገባል፤ በዚያው ስልክ ጤፍና ማገዶ ትገዛለች። ዓመት ሙሉ የለፋችው ልፋት ታማኝ ተበዳሪ አድርጎ የሚያስመዘግበው ባሏን ነው። እርሷ በራሷ ስም ቁጥር አውጥታ ብድር ብትጠይቅ፣ ትናንት እንደተወለደች ሰው ትቆጠራለች። ባልየው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ማናቸውም አላሰቡበትም።

ይህን ጉዳይ እንዳስብበት ያደረገኝ ግን የአዲስ አበባ ኑሮ ሳይሆን የትውልድ አገሬ ኒሯቅ ነው። ኒሯቅን የማታውቁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። በዋግ ኽምራ ውስጥ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። ሰቆጣ ደጋ ላይ ተቀምጣ ስትበርድ፣ የእኛ አገር ወደ ተከዜ ቁልቁል የሚወርድ፣ ድንጋዩና ፀሐዩ የበዛ ቆላ ነው። እህሉ አንዱን ዓመት ቢሰጥ ሌላውን ይነሣል። ስለዚህ የሰው እምነቱ በፍየሉ ላይ ነው። የአበርገሌ ፍየል በአገር የታወቀ ነው፤ ሰውነቱ ትንሽ፣ ችጋር የሚችል፣ ከእሾህ መካከል ቅጠል ለቅሞ የሚያድር ፍጥረት ነው። እናቴ ማንኛውንም ዋጋ በፍየል ትለካለች። የጫማ ዋጋ ስነግራት «አንድ ግልገል ነዋ!» ትለኛለች። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ግን እስካሁን ደፍሬ አልነገርኋትም።

መንደራችን ከኒሯቅ ወጣ ያለች ናት። ከዚያ አካባቢ ቁልቁል ሲታይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ያጠራቀመው ውሃ ይታያል። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። እናቴ ታዲያ ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ኒሯቅ ድረስ ትወጣለች፤ ለአንድ ሱቅ ጥቂት ብር ከፍላ ስልኩ ሲሞላ በጥላ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች። ይህን ያነሣሁት ለወቀሳ ሳይሆን፣ «በስልክ ላኪላት፣ ምን ችግር አለው» ለሚሉኝ የከተማ ወዳጆቼ የነገሩን መልክ ለማሳየት ነው።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልናገርም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት ወደ ዋግም መጥቶ የአበርገሌና የፃግብጂ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሎ ሰቆጣ ላይ በድንኳንና በሰው ደጅ መክረሙን ታስታውሳላችሁ። እናቴም ከነዚያው አንዷ ነበረች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ወደ ቀየዋ ስትመለስ ከነበሯት ፍየሎች ጥቂቶቹ ዘመድ ዘንድ ተርፈው አገኘቻቸው። እነርሱን እያራባች 14 አደረሰቻቸው። አሥራ አራት ፍየል ማለት በእናቴ አቆጣጠር እንደገና ሰው መሆን ማለት ነበር።

የዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ከዳ። በአበርገሌ፣ በሰሃላና በዝቋላ ድርቅ መግባቱን ጋዜጣውም ራዲዮውም ተናግሯል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. እናቴ ደውላ «ቅጠሉ አልቋል፤ ድርቆሽ በመኪና እየመጣ ይሸጣል፤ አሁን ካልገዛሁ እነዚህ እንስሳት አይከርሙም» አለችኝ። በማግስቱ 7,000 ብር በስልክ ላክሁላት። ገንዘቡ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። የድሮውን፣ በመንገደኛ እጅ መላክንና ሳምንት መጠበቅን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ተአምር ነው፤ በዚህ አልከራከርም።

ገንዘቡ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ግን እናቴ ከገበያ ስትመለስ ስልኩ ከመቀነቷ ወድቆ ጠፋ። ሲም ካርዱን ለማውጣት ሄደች። በመስኮቱ የተቀመጠው ወጣት በአክብሮት «እማማ፣ ቁጥሩ በእርስዎ ስም አይደለም» አላት። የተመዘገበው በአባቴ ስም ነበር። «ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» ሲላት እናቴ «ከመጣማ እኔም ደስ ይለኛል» ብላ መለሰችለት። አባቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል።

ከዚያ በኋላ የተጠየቀችውን ልንገራችሁ፤ ነገ እናንተን ሊገጥማችሁ ይችላልና። መጀመሪያ የሞት የምስክር ወረቀት ተባለች። የልደት፣ የሞትና የጋብቻ ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የአባቴ ሞት መመዝገብ ነበረበት፤ ግን በገጠር ለሞተ ሰው ለቅሶ እንጂ ወረቀት ማን ያስባል? ስለዚህ ሽማግሌዎች መስክረው ወረቀቱ እስኪወጣ ቀናት ሄዱ። ቀጥሎ ከወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ተባለች። ለዚያም ሦስት ምስክሮች፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ። በመጨረሻም የራሷ መታወቂያ ተፈለገ። የራሷ መታወቂያ አልነበራትም። በቤታችን መታወቂያ የሚያወጣው አባቴ ነበር፤ ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል ተብሎ ስለታሰበ።

ይህ ሁሉ ሰባት ሳምንት ወሰደ። በዚህ መካከል እናቴ አምስት ፍየሎች በማይረባ ዋጋ ሸጠች፤ ሁሉም ሰው በሚሸጥበት ጊዜ የሚገዛ የለምና። አራት ሞቱባት። እኔ ሌላ ገንዘብ በሰው እጅ ላክሁ፤ ሲደርስ የድርቆሹ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። 7,000 ብሩ ግን ከመዝገቡ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል በአባቴ ስም ተቀምጦ ይጠብቃል። በመስኮቱ ያለውንም ልጅ አልቀየምሁትም። ለመጣ ሰው ሁሉ የሰው ሲም ካርድ ቢያወጣ የስንቱ ገንዘብ በተሰረቀ ነበር።

እንግዲህ ይህን በልቤ ይዤ ሳለ፣ ለዓመት በዓል አገር ቤት ስሄድ እናቴ ከሣጥኗ ያወጣችው አንድ ደብተር ሐሳቤን አሰፋልኝ። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ከ1995 ዓ.ም. አንሥቶ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሲመዘገብ የባልም የሚስትም ስም በደብተሩ እንዲጻፍ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደርጓል። እነሆ፣ አባቴ በግራ፣ እናቴ በቀኝ ሆነው ሁለቱም ካሜራውን እንደ ባለዕዳ አፍጥጠው ያዩታል። አባቴ ሲሞት ስለ መሬቱ እናቴን «አንቺ ማነሽ?» ያላት ሰው አልነበረም። ደብተሩ ይናገራላ! የመሬቱ ደብተር ከ20 ዓመት በፊት ያወቀውን፣ ዘመናዊ የተባለው ስልክ አያውቀውም። ሲም ካርድ ላይ ለሁለት ፎቶግራፍ ቦታ የለም። ለአንድ ቁጥር አንድ ስም ነው።

ሕጉን በተመለከተ የምናውቀውን እናስታውስ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ከግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። ከዚያም አልፎ በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ ሀብት እንኳ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ በባላችሁ ስልክ ያለው የጋራ ገንዘባችሁ በፍርድ ቤት ዓይን የእናንተም ነው። ይሁንና መስኮቱ የሚያነበው የቤተሰብ ሕግን ሳይሆን ስምንና የምስጢር ቁጥርን ነው። በሕግ የራስ የሆነን ገንዘብ ለማግኘት ሰባት ሳምንት መንከራተት ፍየል ለሌላት ሴት ምናልባት ይቻል ይሆናል። የታመመ ልጅ ላላት ግን ሰባት ቀንም ረጅም ነው።

አንዳንድ እናቶች ይህን ስነግራቸው «እንግዲያስ ጥሬ ገንዘቡ ይሻለናል፤ ከጓዳ ሸጉጠን እንደ እናቶቻችን እንኖራለን» ይሉኛል። ይህን ሐሳብ አልንቀውም። የቅቤና የእንቁላል ገንዘብ ከጎታ ሥር ተሸሽጎ ስንቱን ልጅ አስተምሯል። እናቴም ብትሆን «ፍየል ትሞታለች እንጂ ስምሽ ማነው ብላ አትጠይቅም» ትላለች። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በጓዳ የተሸጎጠ ብር በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደሆነ የዋግ ሴቶችን መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣው ዘይትና መድኃኒትም ተከትሎት ወጣ። በዚህ ዘመን የተሸጎጠ ብር እየሟሸሸ የሚሄድ ብር ነው። እርግጥ ነው፣ በስልክ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠውም ከዚህ አያመልጥም፤ እዚያ ያለው ግን ቢያንስ ወደ ቁጠባ ወይም ወደ ብድር የሚያሻግር በር አለው።

ከዚህም በላይ፣ በሩ እየሰፋ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶውን ለሕዝብ በአክሲዮን ለመሸጥ ሲያቀርብ ግዢው የተካሄደው በቴሌብር ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ ይኸውም 9,900 ብር ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ከባልደረቦቼ አንዷ ከባለቤቷ ጋር ተመካክረው፣ ግማሹን ከእርሷ ደመወዝ አዋጥተው አክሲዮን ገዙ። ስልኩ የእርሱ ስለነበር የተጻፈው በእርሱ ስም ነው። እርሷም «ያው የእኛ ነው» ትላለች፤ እኔም የእነርሱ መሆኑን አልጠራጠርም። የድርሻ ትርፍ ሲከፈል ግን መልእክቱ የሚመጣው ወደ አንድ ስልክ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በበኩሌ ከባል ጋር ጠብ ግጠሙ አልልም። ሲም ካርድ በራስ ስም ማውጣት የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። መታወቂያ የሌላት፣ በተለይ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ካለች፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ በ2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ፋይዳ የተባለውን በራሷ ስም መመዝገብ ትችላለች። አሠሪ እናቶች ሆይ፣ የሠራተኛችሁን ደመወዝ በአጎቷ ስልክ ከመላክ በፊት ይህን አድርጉላት። በባልና ሚስት መካከልም ቢሆን የቤቱን ወጪ በሁለት ቁጥር መክፈል ይቻላል፤ መብራቱን እርሱ፣ ውሃውንና ትምህርት ቤቱን እናንተ። ወረቀትም ያዙ። የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የልጆች ልደት፣ እንዳይደርስ እንጂ ቢደርስ የሞት ወረቀት፣ ሁሉም በጊዜው ይውጣ። እናቴ አሁን ለመንደሩ ሴቶች ሁሉ «ለቅሶው ሳያልቅ ቀበሌ ሂዱ» እያለች ትመክራለች። አንዳንዶች ቅር እንደሚሰኙባት ሰምቻለሁ።

እርሷም ዛሬ መታወቂያ አላት፤ በራሷ ስም የወጣ ቁጥርም አላት። አንድ ያልተፈታ ነገር ግን ቀርቷል። እናቴ አፏን የፈታችው በኽምጣና ነው። አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አልተማረችም። ከአማራ መገናኛ ብዙኃን የኽምጣናን ፕሮግራም ስትሰማ ራዲዮኑን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። የገንዘብ መልእክት በኽምጣና ሲመጣ ግን እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ መልእክት በመጣ ቁጥር ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ታስነብባለች። ልጁ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ስንት ብር እንዳላት ከእርሷ በፊት ያውቃል። የምስጢር ቁጥሯንም ሊመታላት ፈቃደኛ ነበር፤ ይህን ግን አልተቀበለችም። ሲመሽ ብቻዋን ተቀምጣ የቁልፎቹን ቦታ በጣቷ አጥንታ ይዛዋለች።

ባለፈው ደውዬ ብር መላኬን ስነግራት «ቆይ፣ አትንገሪኝ» አለች። ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ ስታየው የፍየሎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ተመልሳ «አንድ በትር ቆሟል፤ ከኋላው ሦስት እንቁላል አለ» አለችኝ። የላክሁላት 1000 ብር ነበር።